ከኋላቸው የተሰቀለው ባነር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተቀበልኩት እንግዳ የእኛ እንግዳ አልነበረም።

ቢሮአችን ሐዋሳ መሃል ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ፣ ሁለት ጠባብ ክፍል ነበረች። ድርጅቱ ትንሽ አገር በቀል ድርጅት ነው፤ በከተማዋ ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች የዓይን ሕክምና ያስተባብራል። እኔ የተቀጠርኩት አስተርጓሚና የእንግዳ አስተባባሪ ሆኜ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ መብራቱ ወንበሬን እንኳ ሳያሳዩኝ፣ "ጽጌ፣ ሥራችንን በገንዘብ የሚደግፈው የአሜሪካኖቹ ማኅበር የቦርድ ሰብሳቢ በዘጠኝ ሰዓቱ አውሮፕላን ይገባሉ። አበባ ገዝተሽ ሂጂ። እንዳታዋርጂን" አሉኝ።

የቦርድ ሰብሳቢ ምን እንደሚመስል የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ቦርጭ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ልክ እንዲህ ያለ ፈረንጅ ብቅ ሲል ሮጬ አበባውን አስታቀፍኩትና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሰውየው የሚሆነውን አጣ። የፋብሪካ ማሽን ሊጠግን የመጣ መካኒክ ኖሯል። በሕይወቱ አበባ የሰጠው ሰው እንደሌለ ነገረኝና አበባውን እንዳቀፈ ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደ።

ሰብሳቢዋ ከመንገደኛው ሁሉ በኋላ ወጡ። ስልሳ ያለፋቸው ሴት፣ ሸራ ጫማ ያደረጉ፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ በገዛ እጃቸው የሚጎትቱ። ሻንጣዎቹ በመነጽር የተሞሉ ነበሩ። "ሊንዳ እባላለሁ። ያ ሰውዬ አበባውን በጣም ወዶታል" አሉኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው ሁሉንም አይተው ኖሯል።

መኪና ውስጥ ሥራቸውን ስጠይቃቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ እንደወጡ ነገሩኝ። ደነገጥኩ። ቢሮ ስንደርስ አቶ መብራቱም ያንኑ ጠየቁ። "በአገራቸው የተማሪዎች ትራንስፖርት ኃላፊ ነበሩ" ብዬ ተረጎምኩ። አቶ መብራቱ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ውሸት አልነበረም፤ ትንሽ ቅቤ ነው የቀባሁት። ይህ አመሌ ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። የምነግራችሁም ጣጣ ከእሱ ነው የመጣው።

አስቀድሜ ስለ ሥራው ልናገር። በየዓመቱ አንድ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ነበረን። ዘመቻው የሚጀምረው በልየታ ነው። የስድስት ሜትር ገመድ እንዘረጋለን። በአንዱ ጫፍ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ በሌላው ጫፍ ታካሚው ይቆማል። ሰሌዳው ላይ እንደ ሹካ ሦስት ጣት ያላቸው ምልክቶች አሉ። ጣቶቹ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያመለክታሉ። ታካሚው አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍንና በሌላው እጁ አቅጣጫውን ያሳያል። ያልቻለውን የዓይን ነርሷ በትንሽ ባትሪ ታየዋለች። ብሌኑ ነጣ ካለ ሞራ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ካርድ ይሰጠዋል።

ካርዱ መጀመሪያ ቀይ ነበር። አንድ ኳስ ወዳድ ሽማግሌ "ምን አጥፍቼ ነው ከሜዳ የምታስወጪኝ?" ብለው አልቀበልም ስላሉ አረንጓዴ አደረግነው።

ከከተማዋ ዳር ወዳለችው ቱላ መጀመሪያ በገባን ጊዜ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ዓይኑ የታመመ ሰው አንድም አልተገኘም። በዱላ እየተመሩ የመጡ አዛውንት ሰሌዳው ፊት ሲቆሙ አንድም አይስቱም። ነርሷ ሰሌዳውን ገለበጠችው፤ አሁንም አይስቱም። ኋላ ላይ ነው የገባን። እናቷን ይዛ የመጣችው ልጅ ከኋላ ሆና የእናቷን ነጠላ ጫፍ ትጎትታለች። ወደ ግራ ከሆነ ግራውን፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ቀኙን፣ ወደ ታች ከሆነ ቆንጠጥ። ሰልፉ በሙሉ እንዲህ ነበር። ፈተና መስሏቸው ነው፤ ዘመድ ሲፈተን እጁን አጣምሮ የሚቆም ማን አለ? ሊንዳ ነገሩ ሲገባቸው ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። መውደቅ ያለበትን ፈተና ሰው ሁሉ አልፎ ሥራ አስፈትቶን ዋለ።

ያን ቀን ፈተናውን በወጉ የወደቁት ጋሽ ዳንጊሶ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ዳንጊሶ ከቱላ የሲዳማ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። የሚጎትታቸው ዘመድ ቢመጣም እጁን መትተው አባረሩትና "አይታየኝም" አሉ። ካርድ ተሰጣቸው። ግን ቀዶ ሕክምናው ሲደርስ ካርዳቸውን ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጡ፤ "እሱ ያርሳል፣ እኔ እቀመጣለሁ" አሉ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። እያደር ሁለቱም ዓይናቸው ጨለመ።

ሊንዳ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። በሁለተኛው ጉብኝታቸው ድፍረት አገኘሁና "የሚልክዎት የትኛው ሚኒስቴር ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ማንም አይልከንም። ኬክ ጋግረን እንሸጣለን፤ የቀረውን ሰው ያዋጣል።"

ከተማቸው ትንሽ ነች አሉኝ። እሳት ሲነሳ የሚያጠፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ የወዳጆች ማኅበር አለው። የሚበላው ያጣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እህል ይወስዳል። ወንዙ ሲቆሽሽ የሚጮህ ማኅበር አለ፤ የምክር ቤት አባላት የማኅበሩን ሴትዮ ገበያ ውስጥ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ባለቤት የሌለው ውሻም ማኅበር አለው።

"ውሻ ማኅበር አለው?"

"ሁለት አለው። አንድ ነበር፤ አባላቱ ተጣሉና ሁለት ሆነ። እኛ አገር ሦስት ሰው አንድ ነገር ካናደደው መጀመሪያ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ከዚያ ቲሸርት ያሳትማል።"

እኔም ስለ እድር ነገርኳቸው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፋውን፣ ያልቀበረ የሚቀጣውን ቅጣት። ሊንዳ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ቅጣቱን በጣም ወደዱት፤ ለቦርዳቸው አቀርበዋለሁ አሉ።

አቶ መብራቱ ግን አላመኑም። የጤና ቢሮ ሠራተኛ ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው። "ጽጌ፣ ተላላ አትሁኚ። ከኬክ ሽያጭ የዓይን ቀዶ ሕክምና አይወጣም። ከኋላ መንግሥት አለ" ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሊንዳ ፎቶ ባሳዩኝ ቁጥር ኬኩን ነበር የማየው።

ዋናው ነገር የተነገረኝ በአራተኛው ጉብኝት፣ ወደ ቱላ ስንሄድ መኪና ውስጥ ነው። ሊንዳ ፊታቸው በርቶ፣ ለግዛታቸው ምክር ቤት አባልነት ለመወዳደር እጩ መሆናቸውን ነገሩኝ። እልል አልኩ፤ ሾፌራችን ፍሬን ያዘ። ከዚያ ሊንዳ ስለ አንድ ደንብ ያስረዱኝ ጀመር። ማኅበራቸው ስለ ጉዳይ መናገር ይችላል። ለተማሪዎች መነጽር ይገዛ ብለው የግዛታቸው ምክር ቤት ድረስ ሄደው ተከራክረው ያውቃሉ። ሰውን ግን፣ እጩን ግን፣ በማኅበሩ ስም መደገፍም መቃወምም ክልክል ነው አሉ።

እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ። ሐይቁ ዳር ያለውን ዓሣ ጠባሽ ለምሳ ስምንት ጥብስ እንዲያዘጋጅልኝ እያዘዝኩ፣ በአንድ ጆሮዬ "ጉዳይ" የሚለውን ሰማሁ፣ በሌላው "ሎሚ አትርሳ" እላለሁ። "ገብቶኛል" አልኳቸው። ከደንቡ የያዝኩት እጩነታቸውን ብቻ ነበር።

የቱላ ሕዝብ ሽኝት የሚያደርግላቸው በማግስቱ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለማንም ሳልናገር መናኸሪያ ወዳለ የባነር ማተሚያ ሄድኩ። እኛ ዘንድ እንግዳ ያለ ባነር አይሸኝም፤ የባነሩ ትልቅነትም የክብሩ ልክ ነው። ሦስት ሜትር አዘዝኩ። ባለቤቱ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

"እርግብ ልጨምርበት?"

"ጨምር።"

"ርችትስ?"

"እሱንም ጨምር።"

በመካከል የሊንዳ ፎቶ፣ በቀኝና በግራ የሁለቱ ድርጅቶች ዓርማ። ከሥሩ በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በእንግሊዝኛ፦ "በምርጫው እንዲያሸንፉ ድርጅታችንና መላው የቱላ ሕዝብ ከጎንዎ ነው!" ስጨርስ በደስታ አላበኝ።

ሽኝቱ ደመቀ። "ዳኤ ቡሹ!"፣ እንኳን ደህና መጡ፣ እያለ ሕዝቡ ሲዘፍን ሊንዳ በሰው ተከበው ገቡ፤ ባህላዊ ልብስ አለበሷቸው፤ ከፊት አስቀመጧቸው። የክብር እንግዳ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ ሕዝቡ አድርጎ ነው። ባነሩ የሚሰቀለው ከእንግዳው ጀርባ ነው። ሊንዳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያጨበጭቡ አንድ ጊዜም ዞር አላሉም። ጋሽ ዳንጊሶ መረቁ። ከምርቃቱ በፊት "ከኋላ የሚንኮሻኮሸው ጨርቅ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁኝ። "እንኳን ደህና መጡ ይላል" አልኳቸው።

የአሜሪካኖቹን የፌስቡክ ገጽ የይለፍ ቃል ከዓመት በፊት ሰጥተውኝ ነበር፤ የዘመቻ ፎቶ እለጥፍበታለሁ። ሊንዳ አውሮፕላን ላይ ሳሉ ከነባነሩ የተነሱትን ፎቶ ለጠፍኩት። ከላዩ በእንግሊዝኛ "ቱላ ሊንዳን መርጣለች!" ብዬ ጻፍኩ። ላይኩ ጎረፈ። በየአምስት ደቂቃው ስልኬን እየከፈትኩ ለባልደረቦቼ አሳይ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ግሬግ ደወለ። ግሬግ የማኅበሩ የቦርድ አባልና የሕግ አማካሪ ነው፤ ጠበቃ ሆኖ ይሠራል፣ ማኅበሩን ግን በነፃ ያገለግላል። በቪዲዮ ሲመጣ ፊቱ አልሳቀም።

"ጽጌ፣ ፎቶውን ከገጹ አንስቼዋለሁ። ባነሩን ማን አሠራው?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት መስመሩ ተቆረጠ። በሕይወቴ ኔትወርክን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተመልሶ ሲደውል አስረዳኝ። እነሱ አገር ለበጎ አድራጎት ማኅበር የሚሰጥ ሰው ከግብሩ ይቀነስለታል፤ ማኅበሩም ከግብር ነፃ ነው። ለዚህ ምትክ ሕጉ አንድ ነገር ይከለክላል፤ በምርጫ ውስጥ ከማንም እጩ ጎን መቆም። በምርጫ እጩ የሚደግፉ ሌሎች ዓይነት ማኅበራት አሉ፤ ለእነሱ የሚሰጥ ሰው ግን ያን ጥቅም አያገኝም። የሊንዳ ተፎካካሪ ደጋፊዎች ፎቶው ከገጹ ሳይነሳ ቀድተው አስቀርተውታል፤ ለከተማው ጋዜጣም ልከውታል።

"እኔ እኮ መልካም ዕድል ነው የተመኘሁት" አልኩት።

"አንቺ ጽጌ ሆነሽ ተመኚ። በማኅበሩ ዓርማና በማኅበሩ ገጽ ግን አይሆንም። ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሥራ ቆሟል፤ የቱላው ዘመቻም።"

ዘመቻው ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ቀን ቆርጧል፤ ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ለቆልናል። ያ ቀን ካለፈ እስከሚመጣው ዓመት ሌላ የለም። በቱላ አረንጓዴ ካርድ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ በዚያ ዓመት ከስንት ልመና በኋላ ካርዳቸውን ለማንም ሳይሰጡ የያዙት ጋሽ ዳንጊሶም አሉበት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አፍሬም ነበር፣ ፈርቼም ነበር።

አቶ መብራቱ መሀረባቸውን አቀበሉኝና በሩን ዘጉ። "ስሚኝ። ባነሩን ያሠራው የቱላ ሕዝብ ነው እንላለን። ሽማግሌዎቹ በደብዳቤ ይፈርማሉ። ሕዝብ አይከሰስም። አሜሪካኖቹም የገጠር ሰው አይቀየሙም።"

ሐሳቡ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ አረካኝ። ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። በጣም አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ አንብቤው ራሴም ልቤ ተነካ።

ጋሽ ዳንጊሶን ቤታቸው አገኘኋቸው፤ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎችም ነበሩ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጋሽ ዳንጊሶ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ጨርቁ ምን ይላል ብዬ ጠይቄሽ ነበር።"

"አዎ፣ ጠይቀውኛል።"

"እንኳን ደህና መጡ ይላል አልሽኝ። ሌላ ነገር ነበረው?"

"ነበረው።"

"አፊኒ?" አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ። ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። በሲዳማ ወግ ነገር የሚታየው እንዲህ ነው፤ ሁሉም መስማቱ ሳይረጋገጥ ማንም አይፈርድም። ሽማግሌዎቹ በየተራ መስማታቸውን ተናገሩ። የወንበሬ እግር የሚሰነጠቅ መሰለኝ።

"እኛ ዘንድ ሀላሌ የሚባል አለ" አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። "እውነት ነው፤ ግን ከእውነት ይከብዳል። ያልሠራነውን ሠራን ብለን አንፈርምም።"

"ጋሼ፣ ዘመቻው ይቀራል እኮ። የእርስዎም ዓይን..."

"አውቃለሁ።" አሉ። "መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ማነህ ብሎ መጠየቅ ሰልችቶኛል። እንዲበራልኝ እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። ግን አንፈርምም።"

ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "ደግሞስ ማን ያምነናል? እርግብ አለበት አሉ። እኛ ብናሠራው ኖሮ በሬ ነበር የምናደርግበት።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። ደብዳቤውን አራት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልነሳ ስል ጋሽ ዳንጊሶ ዱላቸውን አነሱ። "ሐሙስ እኔም እመጣለሁ። ነገሩ በእኛ ሰፈር የሆነ ነው፤ መስማት አለባቸው።"

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በእነሱ ጠዋት፣ ጋሽ ዳንጊሶ በባጃጅ መጡ። ደረጃውን ደግፈናቸው ወጡ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሰባት ሰው በሰባት ትንንሽ ሳጥን ውስጥ ብቅ አለ። አንዱ ጥርስ ሐኪም ነው፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነበር የገባው። አንዷ ሴትዮ ድመቷ ፊቷን ሸፍኖባት በጅራቱ በኩል ታወራ ነበር። አቶ መብራቱ ለዚህ ስብሰባ ከረባት አድርገው ነበር። ሰባቱንም አንድ በአንድ ተመለከቱና በጆሮዬ "መንግሥቱ የታለ?" አሉኝ።

ግሬግ ጥያቄውን ደገመው። ባነሩን ማን አሠራው?

"እኔ" አልኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ማንም እንዳላዘዘኝ፣ ፎቶውንም እኔ እንደለጠፍኩ፣ ሊንዳ ደንቡን መኪና ውስጥ እንደነገሩኝና እኔ ዓሣ እያዘዝኩ እንዳልሰማኋቸው፣ ለጋሽ ዳንጊሶም ግማሹን ብቻ እንደነገርኳቸው፣ በደብዳቤ በሰው ላይ ላላክክ አስቤ እንደነበር። አንዴ ከተጀመረ ብዬ፣ ሊንዳን የተማሪዎች ትራንስፖርት ኃላፊ ነበሩ ብዬ እንደተረጎምኩም ተናዘዝኩ። ሁሉንም በሁለት ቋንቋ ነው ያልኩት፤ አለቃዬም እንዲሰሙ።

አቶ መብራቱ ከወንበራቸው ተነሡ። "ምንድን ነበሩ ታዲያ?"

"የአውቶቡስ ሹፌር።"

"ሹፌር!" አሉና ሊንዳን በስክሪኑ ትኩር ብለው አዩአቸው። ሊንዳ እጃቸውን አውለበለቡላቸው። አቶ መብራቱ ከረባታቸውን ፈቱና "የደብዳቤው ሐሳብ የእኔ ነበር። እሱንም ተርጉሚ" አሉኝ። ተረጎምኩት። ያን ቀን የበለጠ አከበርኳቸው።

ጋሽ ዳንጊሶ የመናገር ዕድል ጠየቁ። ስለ ዓይናቸው ምንም አላነሱም። "አፊኒ? ሰምታችኋል ወይ? አንድ በአንድ የሰማችሁትን ንገሩኝ" አሉ። የቦርድ አባላቱ መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ በየተራ የሰሙትን ተናገሩ። ጥርስ ሐኪሙ አንዱን ነገር ገልብጦ ተናገረ፤ ጋሽ ዳንጊሶ አስደገሙት። ድመቱ በፈቃዱ ወረደ። እኔ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ እተረጉም ነበር። እንዲህ መሥራት ቀላል እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

መጨረሻ ላይ ሊንዳ ተናገሩ። "ሁለት ሰዓት ባነሩ ሥር ተቀምጬ አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አላየሁም። ጥፋቱ የእኔም ነው። ምርጫው እስኪያልፍ ከሰብሳቢነት እለቃለሁ።" ከዚያ ነገሩ እሳቸውን ስለሚመለከት ከስብሰባው ወጡ። የቀሩት ስድስቱ እጅ አውጥተው ወሰኑ። በገጻቸው ማኅበሩ ማንንም እጩ እንደማይደግፍ፣ የሆነው ስህተት እንደነበር፣ እንዴት እንደሆነም ይጻፋል፤ ለጋዜጣውም ያው ይላካል። የይለፍ ቃሉ ከእኔ ይወሰዳል። ደንቡን በአማርኛ ጽፌ አዲስ ለሚገባ ሠራተኛ ሁሉ አስረዳለሁ። ዘመቻው ይቀጥላል።

"ዘመቻው ይቀጥላል" የምትለዋን ለጋሽ ዳንጊሶ ሁለት ጊዜ ተረጎምኩላቸው። አቶ መብራቱ ከረባታቸውን በአየር ላይ አሽከረከሩት።

የከተማው ጋዜጣ ጉዳዩን ሁለት ቀን ጻፈበትና ተወው። ማኅበሩ ራሱ ከተናገረው በላይ የሚያወጣው አልነበረም። ሊንዳ ምርጫውን ተሸነፉ። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ልማዳቸው መጡ፤ "አሁን ተመልሼ ሰብሳቢ ሆኛለሁ፤ ይህ ሥራ ግብዣው ይሻላል" አሉኝ።

ዘመቻው በቀኑ ተካሄደ። ከቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ጠዋት ታካሚዎቹ በሆስፒታሉ በረንዳ ተደርድረው ተቀምጠው፣ ነርሷ ፋሻውን በየተራ ትፈታለች። እኔ ከአጠገቧ ሆኜ እናገራለሁ፤ ቀስ ብለው ይግለጡ፣ አይሹት፣ ውኃ አይንካው። ጋሽ ዳንጊሶ ዘንድ ደረስን። ፋሻው ተነሣ። ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ነርሷን አዩ፣ የበረንዳውን ግድግዳ አዩ፣ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ።

"ጽጌ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ድምፅሽ እኮ ቀጭን ነበር" አሉ።

በረንዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቄ ሊያቆም ሲል ሌላው ይጀምረኛል። ጋሽ ዳንጊሶም ይስቃሉ፣ እንዳይስቁ ነርሷ ትቆጣቸዋለች፣ እሳቸው ግን በሚስቁት ሰዎች ፊት ላይ ዓይናቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ ያዞራሉ።

አሁን ሥራ ለቅቄአለሁ። ለአዲስ ገቢዎች እነግራቸው የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የማኅበር ስም የአባላቱ ሁሉ ነው፤ እኛ ለወደድነው ሰው አንሰጠውም። ብናጠፋም ጥፋቱን በሌላ ሰው አናስፈርም። ዓይኑ እንዲበራለት ስንት ዓመት የጠበቀ ሰው እንኳ አልፈረመልኝም።